በር የሌለው የክብር አዳራሽ

ስለ ሬስሊንግ እኔን ማንም አያስተምረኝም። አዲስ አበባ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብቤ ስንቱን ጡንቸኛ አይቻለሁ። ስለዚህ ባሕር ማዶ መጥቼ ፒዮሪያ ስትሪት አጠገብ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ተቀጥሬ፣ እንድንከባከበው የተሰጠኝ ሽማግሌ "የድሮ ሬስለር ነኝ" ሲለኝ ፊቱን አይቼ ሳቄ መጣ። አላውቀውም። ለካ ሥራው እየተከፈለው መሸነፍ ኖሯል! ሠላሳ ዓመት ሙሉ በቀይ ፓንት ብቻ ቆሞ፣ ሕዝብ እየሰደበው፣ አንስተው ሲያፈርጡት የኖረ ሰው ነው። ይህም ሙያ ሆኖ!

እሱ ግን አላፈረም። የሬስሊንግ የክብር አዳራሽ የሚገቡ ሰዎች ዝርዝር በየዓመቱ እስኪወጣ ዕረፍት የለውም። ዩቲዩብ ላይ ጢም ያላበቀሉ ጎረምሶች "ዘንድሮ ማን ይገባል?" እያሉ ሲተነብዩ ታብሌቱን ደረቱ ላይ አድርጎ ይሰማል። የእሱን ስም የሚያነሳ የለም። አምና፣ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ሪንግ ውስጥ ገብቶ በጥፊ የተመታ የቴሌቪዥን ቀልደኛ ዝርዝሩ ውስጥ ሲገባ እሱ ቀረ። ያን ቀን ምሳውን አልቀመሰም።

ሳቄ ቀርቶ በአዳራሹ ተናደድኩ። የአገሬ ሰው ነኝና መፍትሔው ማመልከቻ ነው አልኩ። "ጉዳዩ፦ የክብር አዳራሽ ስለመግባት" ብዬ ሁለት ገጽ እንግሊዝኛ ጻፍኩ። ተሸናፊ ከሌለ አሸናፊ ከየት ይመጣል? ነጥቤ ይህ ነበር። ሬስሊንግ አይተው የማያውቁ ሦስት የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌዎች በምስክርነት አስፈረምኩ።

"ለመሆኑ ሰውዬው ጌታን ተቀብለዋል?" አሉኝ አንደኛው።

"እሱ በሌላ ማመልከቻ ነው፣ ጋሼ። እርስዎ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።"

ፈረሙ። በእጅ ያልተሰጠ ደብዳቤ መጥፋቱ አይቀርምና፣ ፈቃድ ወስጄ ራሴ እየነዳሁ ሄጄ ለመዝገብ ቤታቸው ላስረክብ ቆረጥኩ። አድራሻውን እንድትፈልግልኝ እዚህ የተወለደችውን ልጄን ጠየቅኳት።

"ዳዲ፣ ቢልዲንግ የለውም እኮ" አለች ከስልኳ ቀና ሳትል። "ጀስት የአንድ ቀን ሾው ነው።"

በር የለው፣ ዘበኛ የለው፣ መዝገብ ቤት የለው! ቻምበርስ ሮድ ላይ ያለው ጎሚስታ እንኳ ግድግዳ አለው። ሰው ምሳውን የሚተወው ለዚህ ኖሯል?

በማግስቱ አልጋው አጠገብ እግሬን አነባብሬ ተቀመጥኩና ጉዱን ነገርኩት። ለቀባሪው አረዱት ሆነብኝ።

"አውቃለሁ" አለኝ። "አዳራሽ ምን ያደርግልኛል? የሚገባው ሰው ስሙ ሲጠራ ሕዝቡ በሙሉ ከመቀመጫው ይነሳል። እኔን ሠላሳ ዓመት ቁጭ ብሎ ነው የሰደበኝ።"

አፈርኩ። ለሽማግሌ ብድግ እንድል በኩርኩም ተምሬ ያደግሁ ሰው ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለሽማግሌዎቹ እየተነሳሁ ነው የምውለው። ለዚህ ሰው ግን፣ ዊልቸሩን በእጁ እያሽከረከረ በገባ ቁጥር፣ አንድም ቀን ተነስቼለት አላውቅም። ማመልከቻውን ኪሴ ከትቼ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

እሱ ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ።

"ልትወጣ ነው? ሰዓትህ ደረሰ እንዴ?" አለኝ።