ሐኪም እንዲያደርገኝ የተጸለየልኝ እሑድ

ሕክምና መማር ከጀመርኩ ወዲህ ዶክተር የሚለኝ ሰው ጠፋ።

ከዚያ በፊት ሀዋሳ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አሥራ አራት ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። በአገራችን ነጭ ጋዋን የለበሰ ወንድ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ደግሞ ስፔሻሊስት ብትሆንም ሲስተር ናት። ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ተጠቀምኩበት እንጂ። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ቤት ተከራይተን የገባን ሰሞን "ኧረ እኔ ነርስ ነኝ" እያልኩ አርም ነበር። ሰፈሩ ግን ነገሩን ትሕትና አድርጎ ወሰደው፤ "እንዴት ያለ ትሑት ዶክተር ነው" ተባለልኝ። ባረምኩ ቁጥር ይበልጥ ስለተከበርኩ ማረሙን ተውኩት። ባለሱቁም፣ የባጃጅ ሾፌሮቹም፣ ልጅ ያተኮሰባቸው እናቶችም ዶክተር አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር።

ከሁሉም አብልጠው የኮሩብኝ አማቴ ናቸው። የሚኖሩት ከእኛ ጋር ነው። የደም ግፊት አለባቸው፤ ጤና ጣቢያ ያዘዘላቸውን ክኒን የሚውጡት ግን እኔ ይዋጡ ስላልኩ ብቻ ነበር። በየቅዳሜው እለካቸዋለሁ። "እንዴት ነው?" ይላሉ። "ደህና ነው እማማ፤ ትንሽ ብቻ ከፍ ብሏል" እላለሁ። ከዚያ ወጥተው ለጎረቤት "ዶክተሬ አየኝ" ይላሉ።

አርባን ካለፍኩ በኋላ የሕክምና ትምህርት መግቢያ ፈተና ወስጄ አለፍኩ። የመጀመሪያው ቀን ክፍል ስገባ ተማሪዎቹ መምህር መስዬአቸው ብድግ አሉ። ሌላ ምን ይባላል፤ "ተቀመጡ" ብዬ ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። ከኔ ቀጥላ የገባችው እውነተኛዋ መምህር ናት፤ ኢንተርን ሳለች የደም ሥር ፈልጎ መርፌ ማስገባትን ያሳየኋት ወጣት ሐኪም። ለእሷ ማንም አልተነሳም።

ሚስቴ በደስታዋ ብዛት ነገሩን ለቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ርዕስ አድርጋ ሰጠችው። እሑድ መጋቢያችን ማይክሮፎኑን ይዘው፣ "ወንድማችን እስከ ዛሬ በነርስነት ሲያገለግል ኖሯል። አሁን ሕክምና ሊማር ገብቷል። ጌታ ሐኪም እንዲያደርገው እንጸልይ" አሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ እውነት በድምፅ ማጉያ ጠራ። ጉባኤው በአንድ ድምፅ አሜን ሲል ከፊት ወንበር የተቀመጡት አማቴ አሜን አላሉም። በማግስቱ ባለሱቁ "ተማሪው፣ ትምህርት እንዴት ነው?" አለኝ።

ቅዳሜ እንደ ልማዴ መለኪያዬን ይዤ ቀረብኩ። አማቴ ክንዳቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

"ስትጨርስ ትለካኛለህ።"

"ስድስት ዓመት ነው እኮ እማማ።"

"እግዚአብሔር ካለ እቆያለሁ።"

ከሚስቴ ጋር ጓዳ ገብተን ሳቅን። ሳቁ የቆየው ግን እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ብቻ ነው። መቀስ ልፈልግ የአማቴን መሳቢያ ስከፍት፣ ከዚያ እሑድ በፊት የገዛሁላቸው የክኒን እሽግ ሳይነካ ተቀምጧል። ሁለት ሳምንት አንድ ክኒን አልዋጡም። ክኒናቸውን ትተው ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ በቃሬዛ የሚመጡ ስንት እናቶችን በእጄ ተቀብያለሁ። ፈራሁ። ሚስቴ ለመነቻቸው፣ አለቀሰችባቸው፤ "ደህና ነኝ" ከማለት በቀር ምንም አልወጣቸውም።

ሐኪም ከፈለጉ ሐኪም ይምጣላቸው ብዬ መምህሬን ለመንኳት። በዚያው ቀን ለምሳ መጣች። አማቴ ዓሣውን አጥንቱን እያወጡ አጎረሷት፤ "ሲስተር፣ ተባረኪ" እያሉ ደጋግመው መረቋት። ከምሳ በኋላ መለኪያውን ስታወጣ ግን ወደ እኔ ዞሩ።

"ሐኪም መሆኗን ማነው የነገረኝ? አንተ አይደለህ?"

መምህሬ ነገሩን በጨዋታ ልታለዝበው ሞክራ አልሆነላትም። ልሸኛት ስወጣ በር ላይ ቆም ብላ፣ "ጋሼ፣ እሳቸው ሐኪም አላጡም። ተቀይመዋል" አለችኝ። አናቶሚ ስታስተምረን እንዲህ አታሳጥርም።

ተመልሼ ከአማቴ ፊት በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

"እማማ፣ ዶክተር ሲሉኝ ዶክተር አልነበርኩም። ስለጣመኝ ነው ዝም ያልኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

አማቴ ሲቆጡ ሲዳምኛ ነው የሚቀናቸው፤ እኔ ደግሞ ግማሹ ያመልጠኛል። ያን ቀን ምንም እንዳያመልጠኝ ፈልገው መሰለኝ፣ በአማርኛ ቀስ ብለው ተናገሩ።

"ነርስ መሆን ነውር ነው እንዴ? እኔን የቆረቆረኝ እሱ አይደለም። በዚህ ከዋሸኸኝ በሌላውስ? በየቅዳሜው ደህና ነው ስትለኝ፣ ደህና ነበር?"

ደህና ያልነበረባቸው ቅዳሜዎች ብዙ ናቸው። ለጤና ጣቢያው ሐኪም ነግሬ መድኃኒቱን አስጨምራለሁ እንጂ ለእሳቸው ቁጥሩን ነግሬያቸው አላውቅም። በሽተኛ አይደንግጥ እየተባባልን ነው የኖርነው፤ በዚህስ ነርስም ሐኪምም አንለያይም።

"እንዳይደነግጡ ብዬ ነው" አልኩ።

ነጠላቸውን ገፍተው ክንዳቸውን ሰጡኝ።

"ለካ። ቁጥሩን ንገረኝ።"

ሁለት ጊዜ ለካሁ፤ የመጀመሪያውን ማመን አልፈለግሁም።

"መቶ ሰማንያ በመቶ አስር" አልኩ።

"መጥፎ ነው?"

"መጥፎ ነው እማማ። ክኒኑን አሁን ይዋጡ፤ ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ አብረን እንሄዳለን።"

ፊቴን ትንሽ አዩት። "አይዞዎት፣ ምንም አይሉም" ማለት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ከዚያ ለክኒኑ መዳፋቸውን ዘረጉ።

"ይኸው ሰማሁ፤ አልሞትኩም። ውሃ አምጣ።"