የጀልባ ቀዛፊዋ ማድያት

ቢሮ ውስጥ «የቆዳ ሐኪሟ» ነው የሚሏት። መርፌ ግን ይዛ አታውቅም፤ የምትይዘው የኮምፒውተር ብዕር ነው። ሥራዋ በኮምፒውተር ጌም ውስጥ ለሚንቀሳቀሱ ሰዎች የፊት ቆዳ መሳል ነው። ሌላው ቡናማ ቀለም ደፍቶ «ጨረስኩ» ሲል እሷ ከሥር በቀይ ትጀምራለች፤ «ደም የሌለው ቆዳ ሬሳ ነው» ትላለች። በላዩ ላይ ቡናማውን፣ ከንፈር ዙሪያ ጠቆር ያለውን፣ ከዚያ የላብ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ። ለአንድ ጉንጭ ሳምንት ትፈጃለች። ሲያሾፉባትም መልስ አታጣም፤ «የእናንተ ሰዎች ወፍጮ ቤት ያደሩ ይመስላሉ» ትላቸዋለች። እውነቷን እኮ ነው!

በዚያ ሰሞን የሚሠሩት ጌም ውስጥ አንዲት ጀልባ ቀዛፊ አለች፣ ዕድሜዋን ሙሉ ወንዝ ላይ ፀሐይ የመታት። ለእሷ ፊት መነሻ እንድትሆናት የቆዳ ሐኪሟ ያሳደገቻትን አክስቷን ለመነች። ልመናው ቀላል እንዳይመስላችሁ! አክስት ሁለቱንም ጉንጮቿን የሸፈነ ማድያት አለባት። ያልሞከረችው ቅባት የለም፤ ያለ ፓውደር ለጎረቤት እንኳ በር አትከፍትም። በስንት ውትወታ ፊቷን ታጥባ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠችላት።

«የማን ፊት እንደሆነ ትንፍሽ ብትዪ አላውቅሽም!» አለቻት።

ሥራው ለገዢዎች ሊቀርብ አንድ ቀን ሲቀረው አለቃው መጣና ስክሪኑ ላይ ጣቱን ቀሰረ።

«ይሄ ቆሻሻ ምንድን ነው?»

«ማድያት ነው።»

«አጥፊው። ሰው ማየት የሚፈልገው ቆንጆ ነው።»

ደሟ ፈላ። «ፀሐይ ላይ ስትቀዝፍ ከኖረች ሴት የሕፃን ቆዳ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!»

«ወይ ታጠፊዋለሽ፣ ወይ ነገ ዕቃሽን ትሰበስቢያለሽ።»

«ዕቃዬ ይቺ ብዕር ናት፤ አትከብደኝም።»

ለመናት፣ ተቆጣት፤ እሷ ወይ ፍንክች! ፊቱ የማን እንደሆነ ግን አልተነፈሰችም።

ቤት ገብታ ቦርሳዋን ስትወረውር አክስቷ አየች፤ ካየች ደግሞ አትለቅም፤ አውጣጣቻት። የቆዳ ሐኪሟ «እሰይ፣ ይጥፋልኝ» ትለኛለች ብላ ፈርታ ነበር።

«ማድያቴን ቆሻሻ አለው?» አለች አክስቷ።

«አዎ።»

«እኔ ሃያ ዓመት ፈትጌ ያላስለቀቅኩትን እሱ በአንድ ጣት?» ብላ ከት ብላ ሳቀች። ወዲያው ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እኔም ቆሻሻ ስለው ነው የኖርኩት። ከሰው አፍ ስሰማው ግን አንገበገበኝ።»

ጠዋት ፊቷን በሳሙና ታጠበች፤ ፓውደሩን አልነካችውም። «ተነሽ፣ እንሂድ» አለች። ታክሲ ውስጥ ሰው ባያት ቁጥር አንገቷን ልትደፋ ይቃጣትና መልሳ ቀና ትላለች።

ሲደርሱ አለቃው የቆዳ ሐኪሟ ወንበር ላይ ጉብ ብሏል። ማድያቱን ራሱ ሊያጠፋው ብዕር ይዟል። አክስት ሄዳ ከስክሪኑ ጎን ቆመች። አለቃው አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ እሷን አየ።

«እንደምን አደርክ፣ ልጄ። ያ ቆሻሻ የኔ ነው።» ጉንጯን አስጠጋችለት። «በል፣ መጀመሪያ ከዚህ አጥፋው።»

«ይቅርታ እናቴ፣ እኔ እኮ…»

«እኮ ምን? አጥፋው እንጂ!»

ቢሮው በሙሉ ሥራውን ትቶ ያያል። አለቃው ብዕሩን አስቀምጦ ከወንበሩ ተነሣ። «እንዳለ ይቅረብ» አለ፣ ማንንም ሳያይ።

የቆዳ ሐኪሟ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። አክስት መነጽሯን አውጥታ ስክሪኑን አተኩራ ስታይ ቆየችና፣ ከራሷ ግራ ዓይን ሥር ያለችውን ጠቆር ያለች ነጥብ በጣቷ ነካች።

«ይቺን ረስተሻታል» አለች። «ጨምሪያት።»