በመዳፍ የተቀመሰ ውሃ

ዛሬ ጠዋት እስራኤል፣ ናታኒያ ከተማ፣ ኪርያት ሀሻሮን ሰፈር ባለው ሕንፃችን ተቋርጦ የነበረው ውሃ ሲመለስ፣ ቧንቧው ዝገት ዝገት ሸተተኝ። ጎንደር ገጠር፣ ቤታችን ጥግ የነበረው ባልዲ ትዝ አለኝ። የጉድጓዳችን ውሃ አርሴኒክ የሚባል መርዝ አለበት ስለተባለ፣ ባልዲው ውስጥ በተደረደረ አሸዋና የዛገ ምስማር እናጣራው ነበር። እናቴ ግን የተጣራውንም እንደ ጠላ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ሳትቀምስ አትሰጠኝም።

«መርዙ ጣዕም የለውም ተብሎ የለም? ምኑን ልትለዪ ነው?» አላት አባቴ።

«ልለይ ብዬ መች ቀመስሁ? ካለም ከልጄ በፊት እኔን ያስቀድመኝ» አለችው።

እኔ ጠምቷት የምትሻማኝ እየመሰለኝ እናደድ ነበር።

ልጆቼ አግብተው ከወጡ ቆዩ። ውሃውን በብርጭቆ ቀዳሁና በመዳፌ ጠብ አድርጌ ቀመስሁ። ከዚያ ብርጭቆውን እንደዘረጋሁ ቆምሁ፤ የሚቀበለኝ አልነበረም።