ፈረንጇ ያስጎነጎነችው ማተብ

ይህ ከሆነ ሁለት ክረምት አልፏል። ዛሬም ወር በገባ በሃያ አንድ፣ የእመቤታችንን ጽዋ ለመጠጣት ስንሰበሰብ፣ በላይነሽ ፊት ለፊቴ በተቀመጠች ቁጥር ትዝ ይለኛል። እሷም እንዳልረሳችው አውቃለሁ። ዓይኗ አንገቴ ላይ ያርፍና ቶሎ ይሸሻል።

ቤቴ ሐረር፣ ከጁገል ግንብ ውጭ፣ ሐኪም ጋራ ወደሚባለው ተራራ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የጓሮውን ክፍል አከራያለሁ። በዚያ ክረምት ሂልዳ የምትባል የፊንላንድ ነርስ ተከራየችው። ሚሲዮናዊት ናት። ሶፊ በሚባለው ገጠር ባለ ክሊኒክ በሽተኛ ታክማለች፤ እሑድ ደግሞ ወንጌል ታስተምራለች። አማርኛ ተምራ ነው የመጣችው፤ ቀስ ብላ ትናገራለች እንጂ አይጠፋባትም።

በላይነሽ ጎረቤቴ ናት፣ የጽዋ ማኅበርተኛዬም ናት። ሂልዳ መጀመሪያ የእሷን ቤት አይታ፣ ሳትወደው ቀርታ ነው ወደ እኔ የመጣችው። ይህን ልብ በሉልኝ።

ሂልዳን ከመጀመሪያው ቀን አላመንኳትም። ለፈረንጅ የሚሆን ሆቴል ሞልቶ የእኔ ጓሮ ምኗ ነው? ጥያቄዋ ደግሞ አያልቅም። «እማማ፣ ይህ ጾም ለምንድን ነው? ይህ ሥዕል የማን ነው?» ትለኛለች። ለማወቅ ነው ወይስ ለመንቀል? የእናቴን የጸሎት መጽሐፍ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። አንድ ቀን በፍልሰታ ብስኩት ሰጠችኝ። ሆን ብላ ልታስገድፈኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ወተትም ቅቤም የሌለበት የጾም ብስኩት መሆኑን ከማሸጊያው ላይ ሳነብ ደግሞ፣ «ይህን ያህል ከተጠነቀቀች አንድ ነገር አስባለች» አልኩ።

በዚያው ጾም አንገቴ ላይ የነበረው እብጠት ጠናብኝ። ለማንም አልነገርኩም። በላይነሽ ብትሰማ፣ የእግዜር ቁጣ ነው ብላ ሰፈሩን እንደምትዞር አውቃለሁ። ሂልዳ ግን የነርስ ዓይን አላት፤ አየችና ይዛኝ ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሙ ዛሬውኑ ይከፈት አለ። ማተቤን ለማውለቅ ብንታገል ቋጠሮው እምቢ አለ። እናቴ ያሠረችልኝ ነው፤ ዕድሜ ቋጠሮውን ድንጋይ አድርጎታል። ሂልዳ መቀስ አነሳችና ቆረጠችው።

ከቀዶ ሕክምናው ስወጣ መጀመሪያ የጠየቅኩት ክሩን ነው።

«ደም ነክቶት ነበር እማማ፣ ተጣለ» አለችኝ።

አላመንኳትም። አገሯ ወስዳ «ይኸው፣ አስበጠስኳት» ብላ ልታሳይበት ነው ብዬ አሰብኩ። ሐኪሙ ደግሞ ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ አንገቴን ክር እንዳይነካው አዘዘ። የንስሐ አባታችንም ለሱባዔ ገዳም ወርደው ነበር። ነጠላዬን አንገቴ ድረስ ተከናንቤ መኖር ጀመርኩ።

የፍልሰታ ጾም ከተፈታ በኋላ፣ ፋሻው በተነሣ ማግስት፣ ከሂልዳ ጋር ፈረስ መጋላ አደባባይ ከባጃጅ ስወርድ ነፋስ ነጠላዬን ገፈፈው። ቀና ስል በላይነሽ ሽንኩርት በዘንቢል ይዛ ቆማለች። ጠባሳውን አላየችም፤ ባዶነቱን ነው ያየችው። ሰላምም አላለችኝ።

በማግስቱ ደጄ ድረስ መጣች። ወደ ውስጥ ግቢ ብላት እምቢ አለች።

«ጥሩወርቅ፣ አትቀየሚኝ። ሴቶቹ ናቸው ያሉት፣ እኔስ ምን አገባኝ። የነገውን ማኅበር ብትቀሪ ይሻላል። ጽዋውን ለሌላ እንሰጣለን።»

«ምን አድርጌ?»

«አንገትሽን አይተናል እኮ! ከጓሮሽ ሃሌ ሉያ ሲባልም ሰፈሩ ይሰማል። አንቺም እዚያው ዘምሪያ!»

ነገሩን ለማያውቅ ልንገር። በዚያ ማኅበር የተቀመጥኩት በእናቴ ቦታ ነው። ተረኛ ጽዋውን ከቀደመችው ቤት ተረክባ፣ ወር ሙሉ በቤቷ አስቀምጣ፣ በሚቀጥለው ሃያ አንድ ትደግሳለች። የመስከረሙ ድግስ የእኔ ነበር፤ ጽዋውን የምረከበውም ነሐሴ ሃያ አንድ ቀን፣ ከዚህችው ከበላይነሽ ቤት። በዕለቱ ከታለፍኩ ከማኅበሩ መውጣቴ ነው። የእናቴ ቦታ ይሄዳል።

«አንገቴ የራሴ ነው» ብዬ በሩን ዘጋሁባት።

ሂልዳ ቧንቧው ዘንድ ልብስ ስታጥብ ሁሉንም ሰምታለች። «ለምን አልነገሯትም?» አለችኝ።

«ለሚያውቀኝ ሰው ራሴን ማስረዳት ልመና ነው። አልለምንም።»

ወደ ልብስ ማጠቧ ተመለሰች። ይህንንም ጠረጠርኩት። ከመንጋዋ የተባረረች በግ ለማን ትመቻለች? አድብቶ ለሚጠብቅ ነው።

በማግስቱ፣ በሃያ አንድ፣ በጠዋት ወጥታ ጠፋች። ማኅበሩ ሊጀመር ሲል የሰፈር ልጆች «ፈረንጆ! ፈረንጆ!» እያሉ አጅበዋት መጣች። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር እጄ ላይ አኖረች። ስፈታው የተጎነጎነ ጥቁር ክር ነው።

ሳቄ መጣ። ማተብ በቤተ ክርስቲያን በር የሚሸጥ ነገር ነው። እሷ ግን ክር ከሆነ ክር ሠሪ ዘንድ ነው ብላ ጁገል ገብታ፣ ከልብስ ሰፊዎች ሰፈር አንዱን ሙስሊም ሰፊ አስጎንጉናዋለች። የሐረሪ ሙሽራ ቀሚስ በሚጠለፍበት የሐር ክር! ሰውየው ቀሚሴን ሁሉ የሚሰፋልኝ ደንበኛዬ ነው።

«ለማን እንደሆነ ስነግራቸው፣ “ወላሂ፣ ለእትዬ ጥሩወርቅማ ሥራዬን ሁሉ ትቼ እሠራለሁ፤ አንገታቸው ያለ ክር አያምርባቸውም” አሉኝ» አለችኝ ሂልዳ። ቀጥላም «አሁን እሄዳለሁ፣ እነግራቸዋለሁ» አለችና ወደ በላይነሽ ቤት መንገድ ጀመረች።

ተከትያት ሄድኩ። ለማስረዳት አልነበረም። ብቻዋን ገብታ ምን እንደምትል ስላላመንኳት ነው።

ስንገባ ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩን። የንስሐ አባታችን ከገዳም ተመልሰው መካከል ተቀምጠዋል። በላይነሽ ብድግ ብላ «ጭራሽ ይዘሻት መጣሽ?» አለችኝ።

ሂልዳ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። «አባ፣ እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ሐኪሙ አንገታቸውን ሊከፍት ነበር፤ ቋጠሮው እምቢ አለ። እሳቸው ግን ከነቁ በኋላ ምን አመመዎት ስላቸው፣ ክሬስ አሉኝ።»

አባ ወደ እኔ ዞሩ። «እውነት ነው?»

ነጠላዬን ገለጥኩና ጠባሳውን አሳየኋቸው። ከሴቶቹ አንዷ «ውይ፣ በሞትኩት!» አለች።

አባ ክሩን ተቀብለው አገላበጡት። ከየት እንደመጣ ሲሰሙ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ጴንጤ ገዝታው፣ እስላም ጎንጉኖት! ታዲያ ማሠሩ እንኳ ለእኛ ይተው እንጂ» አሉ። ጸሎት አድርሰው፣ ባርከው፣ ከጠባሳው ዝቅ አድርገው አሠሩልኝ። ከዚያ «በላይነሽ፣ ጽዋውን ለተረኛዋ ስጪ» አሏት።

ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ጎንበስ ብላ ሰጠችኝ። ጎንበስ ያለችው ለጽዋው ነው፤ እኔ ግን ከፊቷ ቆሜ ነበር። አልቸኮልኩም። ቀስ ብዬ ተቀበልኳት።

ሂልዳ በመስከረም መጨረሻ ወደ አገሯ ተመለሰች። ሻንጣዋን እየከተተች፣ የላኳት ሰዎች ሰብስበው የክረምቱን ሥራ እንደሚጠይቋት ነገረችኝ።

«ምን ትያቸዋለሽ?»

«አንዲት ሴት ወደ ቤተ ክርስቲያን መለስኩ እላለሁ።»

«የማንን ቤተ ክርስቲያን ካሉሽ?»

«የራሷን እላለሁ። ምናልባት ሁለተኛ አይልኩኝም።» አብረን ሳቅን።

ዛሬ ስሜቴን ብጠየቅ፣ በላይነሽን ይቅር አላልኩም። ይቅርታ አልጠየቀችኝማ። ሂልዳም ለሰዎቿ ያን ብላ ይሁን ሌላ አላውቅም፤ የድሮው ክሬ በእውነት ተጥሎ እንደሆነም አንዳንዴ እጠራጠራለሁ። ሰው ያለ ምክንያት ያን ያህል አይደክምም እላለሁ ለራሴ።

በቤተ ክርስቲያን በር ሳልፍ ሻጮቹ ክሬን ያያሉ። «እማማ፣ ይሄ ምን ዓይነት ማተብ ነው? ደህናውን እንስጥዎት» ይሉኛል።

ግድ የለም፣ ይበቃኛል ብዬ አልፋለሁ።