ዝም ያለው

የአዲሱን የግቢ ጥበቃ ስም የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም «አባባ» ነው የሚላቸው። በጠራራ ፀሐይ እንኳ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ይቀመጣሉ። እንግዳ ሰው የሚፈልገው ብሎክ የት እንደሆነ ሲጠይቃቸው ጣታቸውን አይቀስሩም፤ ተነሥተው እስከ ደረጃው ያደርሱታል።

ቅዳሜ ከሰዓት እድላዊትና ጓደኞቿ ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ፣ ከአባባ አጠገብ፣ ማፊያ የሚባለውን ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። በመካከላቸው የተደበቀውን ገዳይ ጠርጥረው በድምፅ ብልጫ ማስወጣት አለባቸው። በዚህ ዙር ገዳይነቱ በዕጣ የደረሳት ራሷ እድላዊት ነበረች፤ ጥርጣሬውን ግን ሙስአብ ላይ ጣለችው።

«ዝም ማለቱን አላያችሁም? እሱ ነው!»

ሁሉም እጁን አወጣ። ሙስአብ እየሳቀ ሊወጣ ተነሣ።

«አባባ፣ እርስዎስ ማንን ይጠረጥራሉ?» አለች እድላዊት ለቀልድ።

ሽማግሌው ሙስአብን ትክ ብለው አዩት።

«ወንድሜም ዝምተኛ ነበር» አሉ። «በደርግ ጊዜ፣ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ‹እሱ ነው› ብለው አስወጡት። የእናንተው ለሚቀጥለው ዙር ይመለሳል አይደል?»

«አዎ አባባ፣ ይመለሳል።»

«እንግዲያው ተጫወቱ ልጆቼ።»

ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ።

«ሙስአብ፣ ተቀመጥ» አለች እድላዊት። «እኔ ነኝ።»