የእኔና የታደለች ክትር

ልጅ እያለሁ ሰቆጣ ላይ የራሴ ግድብ ነበረኝ። አትሳቁ። ቁመቱ እስከ ጉልበቴ ቢሆንም የፈጀው ጭቃ ሦስት ቤት ይመርግ ነበር፤ በድንጋዩማ አንድ ተራራ ጎድሏል። እኛ ክትር ነበር የምንለው። ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የታደለች ነው። ታደለች የጎረቤታችን ልጅ ናት። በአንድ ሳምንት ነው የተወለድነው፤ እናቴ ገበያ ስትውል የእሷን እናት ጡት እየጠባሁ አደግሁ።

ቤታችን ውስጥ ክትር ለውሃ ብቻ አልነበረም። እኔ ስለፈልፍ ወንድ አያቴ ለአፌ ክትር እንዳበጅለት ይመክሩኛል። እናቴ ለሞተው ወንድሟ ስታለቅስ ደግሞ ዝም በይ የሚሏትን ይቆጣሉ፤ የተከተረ እንባ ዓይን ያጠፋል ይሉ ነበር። ከሁለቱም ምክር ያተረፍኩት የለም። አፌም እንባዬም እስከ ዛሬ እንደ ልቡ ይፈሳል።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ዝናቡ የዘገየበት ክረምት። ሐምሌ ገብቶም ሰማዩ እንደ ተላጨ ራስ ያበራል። ትልልቆቹ ስለ ማሽላው ሲጨነቁ የእኛ የሴት ልጆቹ ጭንቀት ሣር ነበር። ነሐሴ ላይ ፍልሰታ ተፈትቶ ሻደይ ሲገባ፣ ወገባችን ላይ የምናስረው ሣር ረዥምና ለምለም ካልሆነ በየደጁ ብንጨፍርም ዞር ብሎ የሚያየን የለም። እኛ የላይ ሰፈር ልጆችና የታች ሰፈሮቹ ደግሞ በዚያ ሰሞን እንደ ሁለት መንግሥት ነበርን።

ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሸለቆ እንደ አሮጊት ዓይን የምታነባ ምንጭ አለች። እኔና ታደለች ድንጋይ ተሸክመን፣ ጭቃ ረግጠን ከተርናት። በሁለተኛው ቀን ፈረሰ። ለአያቴ የሌላ ሰው ነገር አስመስዬ ብጠይቃቸው ሳቁና፣ «ውሃ ፊት ለፊት ሲከለክሉት በጎን ነው የሚያመልጥ» አሉኝ። ጎንና ጎኑን ከነሥሩ በተነቀለ ሣር ጠቀጠቅነው፤ ያዘ። ውሃው ሞልቶ ዳሩን ሲያረጥበው ሣሩ ተመዘዘ። ቤታችን ተኝተን ሲያድግ ይሰማን ነበር፤ ያላመነ ይተወው። የእርጥቡ አፈር ሽታ ግን እውነት ነው፤ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ።

የቀረው የታደለችን አፍ መክተር ነበር፤ ታች ሰፈር አክስት አለቻት። አንድ ቀን ከቅዳሴ ስንወጣ፣ በጾም አፏ፣ «ማርያምን ለማንም አልናገር» አስባልኳት። በፍልሰታ፣ ያውም በራሷ በማርያም ምሎ የሚከዳ ሰው አገራችን ላይ አልተፈጠረም ብዬ እፎይ አልኩ።

በዋዜማው ማጭድ ይዤ ወረድኩ። ክትሩ አለ፤ ውሃው አለ፤ ሣሩ የለም። እንደ ምልምል ወታደር ፀጉር ተሸልቷል። ጭቃው ላይ የእግር ዱካ እንደ ገበያ መንገድ ተተራምሷል።

በማግስቱ ፍየል የተፋችው የሚመስል ሣር አስሬ ደጃችን ቆሜ ሳለሁ የታች ሰፈር ልጆች እየዘፈኑ መጡ። ሣሬ ወገባቸው ላይ ሆኖ ቁርጭምጭሚታቸውን ይዳስሳል። ከፊት ሆና ከበሮ የምትመታው ታደለች ናት። እናቴ ምንም ሳታውቅ «እደጊልኝ» ብላ መረቀቻት፤ ከእኔ ፊት። እሱ ከሣሩም በላይ አንገበገበኝ።

ክንዷን ይዤ ወደ ጥግ ሳብኳት። ማርያምን ብለሽልኝ አልነበር ወይ?

«አልተናገርኩማ» አለች፣ ሻሿን እያስተካከለች። «ከአፌ ቃል አልወጣም። በእግሬ ሄድኩ፤ ተከተሉኝ።»

አፏን ስከትር እግሯን ረሳሁት። በጎን አመለጠችኝ።

ያንን ሁሉ ሣር የሰጠችው ለከበሮዋ ነው፤ እንደምትመታ ቃል ገብተውላት ነበር። በእኛ ቡድን ከበሮው ሁልጊዜ እኔ አንገት ላይ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አስይዣት አላውቅም። ይህንን ዛሬ አስበዋለሁ። ያኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ አለቀስኩ፤ አያቴም እንዳሉት ዝም በይ ያለኝ የለም።

ከዚያ ታረቅን፣ አደግን፣ ወለድን። ታደለች ዓረብ አገር ልትሄድ መናኸሪያ ስሸኛት አንገቴን አቅፋ ስትቆይ፣ አሁን የዚያን ክረምት ነገር ታነሣዋለች ብዬ ጠበቅኩ። እናቷ ዘንድ የተወቻትን ልጇን አደራ አለችኝና ተሳፈረች። ሻደይ በደረሰ ቁጥር በስልክ ድምፅ ትልክልኛለች፤ ስለ ከበሮው፣ ስለ ዘፈኑ። ስለ ሣሩ እስካሁን አንዲት ቃል የለም።

ዛሬ ክትር የሚሠራው በማሽን ነው፤ ሣሩም ከገበያ ይገዛል። ባለፈው ነሐሴ ግን ከግድግዳው ወዲያ ልጄ በሹክሹክታ የታደለችን ልጅ ስታስምላት ሰማሁ። የሆነ ቦታ ለምለም ሣር አግኝተዋል። «ማርያምን በይ» ትላታለች፤ ያችም አለች። ብድግ ብዬ እግሯንም አስምያት ልል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። በዕድሜዬ ሁሉ ለአፌ ያበጀሁት ክትር የያዘው ያን ቀን ብቻ ነው።

የታደለች ልጅ ተሰናብታኝ ስትወጣ ግን፣ ከበሩ ቆሜ ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች ሰፈር እንደምትታጠፍ አየሁ።