የእናቱን ስም የያዘችው ውሻ

ሳውኒክ ወሬ አይወድም። ውሾች በረዶ ላይ የሚጎትቱትን ጋሪ ሲነዳ ግን በእኛ የባሕር ዳርቻ የሚስተካከለው አልነበረም። በመርከብ የመጡት ፈረንጆች መሃል አገሩን የሸፈነውን በረዶ አቋርጠን ወዲያኛው ጫፍ እንድረስ ሲሉ መጀመሪያ የጠየቁት እሱን ነው። እዚያ ማን እንደሚጠብቃቸው እስካሁን አልገባንም። ጠመንጃ እንሰጥሃለን አሉት። ሚስቱ ናቱክ እርጉዝ ነበረች፤ ሳትወልድ እመለሳለሁ ብሎ ወንድሟን ኢኑተክን አስከትሎ ሄደ።

ጋሪውን የምትመራው ውሻ ኢናሉክ ትባላለች። ኢናሉክ ባለፈው ክረምት የሞተችው እናቱ ናት። እኛ ዘንድ የሞተ ሰው ስም ሜዳ ላይ አይጣልም፤ የሚወርሰው ሕፃን እስኪወለድ አንዳንዴ ውሻ ትይዘዋለች። ስሙ ባለበት ሟቹም አለ። ሳውኒክ ይህችን ውሻ በአለንጋ ነክቷት አያውቅም።

በሃያኛው ቀን ነፋሱ ድንኳኑን ቀደደው፣ ስንቁም አለቀ። የፈረንጆቹ አለቃ ያኔ ገና እንመለስ አለ። በመንገድ ውሾቹ አንድ በአንድ እየታረዱ ሰውም ውሻም በላቸው። ሳውኒክ መጀመሪያ ያረደውን ያስታውሳል፣ ስድስተኛውን አያስታውስም። ጣቱም ልቡም ደንዝዞ ነበር። በመጨረሻ የቀረችው ኢናሉክ ብቻ ሆነች። ኢኑተክ እግሩ በብርድ ጠቁሮ ጋሪው ላይ ተኝቷል፤ አራት ቀን ከተቀቀለ ቆዳ በቀር የቀመሰው የለም።

"ውሻዋን እረድ" አለ አለቃው። "ሰውዬው ይብላ።"

ሳውኒክ ቢላዋውን አውጥቶ ኢኑተክን አየው። "ምን ትላለህ አንተ?"

"እናትህን ልታበላኝ ነው?" ኢኑተክ ሊስቅ ሞከረ፣ ከንፈሩ እምቢ አለው። "በሕይወቷም አትወደኝም ነበር፣ ደግሞ ሆዴ ውስጥ ገብታ ትጨቅጭቀኝ? ተዋት። የሚወለደው የእህቴ ልጅ ስሙን ይጠብቃል።"

ሳውኒክ ቢላዋውን መለሰ። በማግሥቱ ኢኑተክ አልነቃም። መቃብሩ ላይ የሚከመር ድንጋይ ስላልነበረ በረዶ አለበሱት። ሳውኒክ አላለቀሰም፤ ልቅሶ ውስጡ ተፈልጎ ጠፋ። ሞተ ብሎ ለራሱ ነገረው፣ ምንም አልተሰማውም። በሁለተኛው ቀን ባሕሩ ዳር ደርሰው አቆስጣ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ገደሉና በሉ።

ሰፈር ሲገባ ናቱክ ሕፃን አዝላ ከድንኳኑ ወጣች።

"መቼ?" አላት።

"በሄዳችሁ በአምስተኛው ቀን። ጊዜዋ ሳይደርስ መጣች፣ አላቆም ብላ አለቀሰች። ኢናሉክ ብዬ ስጠራት ዝም አለች። እናትህ መጥታለች፣ ና ሳማት።" ውሻዋ ልታሸታት ስትጠጋ ናቱክ በእግሯ ገፋ አደረገቻት። "አንቺ ከእንግዲህ ውሻ ነሽ።"

ሳውኒክ ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ ኢኑተክ እስከሞተበት ያሉትን ቀናት በልቡ አሰበ። ከዚያ ወዲያ ማሰብ አልቻለም።

ናቱክ አንገቷን አስግጋ ከኋላው ወዳለው መንገድ አየች። "ኢኑተክ ደግሞ የት ቀረ? ሥጋ ጥጄለታለሁ።"